የተረፈ ቀለም ይሠራል ወይስ ይጣላል? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደረጃ ሥር የከረመ ግማሽ ጋሎን ቀለም ሲከፈት ብዙ ጊዜ ደህናው ይደፋል፣ የተበላሸው ግድግዳ ላይ ይወጣል። ቀለም ውድ ነው፤ የተላጠን ግድግዳ ፍቆ እንደገና ማስቀባት ደግሞ ከቀለሙ ዋጋም ይብሳል።

ዕድሜውን ብቻ ቆጥሮ መፍረድ

በውሃ የሚቀጥነው ፕላስቲክ ቀለም ካልተከፈተ እስከ 10 ዓመት፣ በቲነር የሚቀጥነው ዘይት ቀለም እስከ 15 ዓመት ሊቆይ ይችላል። አንዴ ከተከፈተ ግን፣ በተለይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲግል ከከረመ፣ ይህ ግምት አይሠራም። ከፍቶ፣ አሽትቶ፣ አማስሎ ነው የሚፈረደው።

ስለተለያየ ብቻ መድፋት

ላዩ ፈሳሽ፣ ሥሩ ዝቃጭ የሆነ ቀለም አልተበላሸም፤ ከባዱ ዱቄት ወርዶ ነው። ላዩ ላይ የቆመውን ፈሳሽ አይድፉት፤ ዱቄቱን ግድግዳ ላይ አጣብቆ የሚይዘው እዚያ ውስጥ ነው። ጠፍጣፋ እንጨት እስከ ሥሩ አስገብተው ዝቃጩን ወደ ላይ እያነሡ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያማስሉ። ቆዳ ይዞ ከሆነ ግን አስቀድመው ዙሪያውን በቢላ ቆርጠው አንድ ላይ ያውጡት፤ ከተማሰለ ተበጣጥሶ ሩሎው ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በአሮጌ ናይለን ስቶኪንግ ያጥልሉት። ይህ ሁሉ ተደርጎ እንደ አይብ ከተቋጠረ፣ ወይም ዝቃጩ እንጨት የማያስገባ ከሆነ ይጣላል። ውሃም ቲነርም አይመልሰውም።

የገማውን በበረኪና ለማዳን መሞከር

ፕላስቲክ ቀለም ሲከፈት ቀለል ያለ የአሞንያ ሽታ ቢኖረው ችግር የለውም። የኮመጠጠ ወይም የገማ እንቁላል ሽታ ከሆነ ግን ባክቴሪያ ገብቶበታል፤ ቀለሙን የሚያወፍረውን ንጥረ ነገር ስለሚበላውም ይቀጥናል። በረኪናም ሽቶም ያንን አይመልሱም። ከተቀባ በኋላ ግድግዳው እርጥበት ባገኘ ቁጥር ሽታው ሊመለስ ይችላል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ እኛው ነን፦ በባልዲ ውሃ የቀጠነውን ትርፍ ወደ ዋናው ጣሳ መመለስ። ውሃው ባክቴሪያ ይዞ ይገባል፣ ቀለሙ ውስጥ ያለውን የባክቴሪያ መከላከያ መድኃኒትም ያሳሳዋል። የቀጠነ ትርፍ ለብቻው ተቀምጦ በጥቂት ቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት።

ሳይሞክሩ ግድግዳ ላይ መጀመር

ካርቶን ላይ ቀብተው 24 ሰዓት ይተዉት። በጣት ሲታሽ ዱቄት የሚለቅ፣ ወይም አሁንም የሚያጣብቅ ከሆነ አይጠቀሙበት። መጠኑንም ያስሉ፦ 1 ሊትር ለአንድ እጅ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። የተረፈው ግማሽ ሊትር ከሆነ ሙሉ ግድግዳ አይጀምሩበት፤ መሃል ላይ አልቆ በአዲስ ሲቀጠል ልዩነቱ ይታያል።

ደህና ስለመሰለ ብቻ ለልጆች ክፍል ማዋል

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ (ሊድ የሚባለውን መርዛማ ብረት) በ90 ፒፒኤም፣ ማለትም በኪሎ 90 ሚሊግራም፣ የገደበችው በአውሮፓውያኑ 2018 ባወጣችው ደንብ ነው። ከዚያ በፊት የተገዛ ደማቅ ቢጫ፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ ዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ ድምቀቱን ለመስጠት የእርሳስ ውህዶች ይገቡ ነበርና። በማየትም በማሽተትም አይለይም፣ የሕፃናትን አእምሮ ግን ይጎዳል። እንዲህ ያለውን አልጋ፣ በርና መጫወቻ ላይ አይቀቡ። ቀድሞ የተቀባውንም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈግፍጉ፤ አቧራው ነው አደጋው።

ቱቦ ውስጥ መድፋት፣ ማቃጠል

የሚሠራ ከሆነ ለሚፈልግ ቀለም ቀቢ ወይም ጎረቤት መስጠት ይቀድማል። የማይሠራ ፕላስቲክ ቀለም ላይ እኩል መጠን ሰጋቱራ ወይም አሸዋ ጨምረው፣ ልጆችና እንስሳት በማይደርሱበት ደጅ ያድርቁት፤ ጠጣር ሲሆን ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይወጣል። ዘይት ቀለም እሳት ይይዛል፤ ከምድጃ ያርቁት፣ ጣሳውንም አያቃጥሉ። አሜሪካ ላሉ፣ በዋሽንግተን ዲሲና በዋሽንግተን ስቴት ፔይንትኬር በሚባለው ፕሮግራም የታቀፉ ሱቆች የተረፈ የቤት ቀለም በነፃ ይቀበላሉ።

ዘይት ቀለም የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ከተጣለ በራሱ ግሎ ሊነድ ይችላል፤ ደጅ ዘርግተው ያድርቁት። ባዶውን የቀለም ባልዲ ደግሞ፣ ምንም ያህል ቢታጠብ፣ የመጠጥ ውሃ ወይም እህል ማስቀመጫ አያድርጉት።