የበግ መዝገብ በስልክ፦ በሩም ላይብረሪ ዳታቤዝ እንዴት ይሠራል?

መንዝ ውስጥ በግ የሚያረባ ማኅበር የደብተር መዝገቡን ወደ አንድሮይድ አፕ ሊቀይር ፈለገ እንበል። የጆሮ ቁጥር፣ ፆታ፣ የተወለደበት ቀን፣ ክብደት። አፑ ኔትወርክ በሌለበት ግጦሽ ላይም መሥራት ስላለበት መረጃው እዚያው ስልኩ ላይ ይቀመጣል።

አንድሮይድ ለዚህ ኤስኪውኤላይት የተባለ ዳታቤዝ አለው። በቀጥታ መጠቀም ይቻላል፤ ግን ያሰለቻል። ሠንጠረዡን በእጅ ትፈጥራላችሁ፣ እያንዳንዱን ዓምድ በእጅ ታነባላችሁ። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ደግሞ የምታውቁት አፑ በሰው እጅ ላይ ሲዘጋ ነው። ጉግል በ2017 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ሩም ይህን ጣጣ ያቃልላል። ክላሱ (የአንድ ነገር መረጃ የሚገለጽበት የኮድ ክፍል) ላይ አኖቴሽን፣ ማለትም በአት ምልክት የሚጀምር አጭር መለያ ትለጥፋላችሁ። አሰልቺውን ኮድ ሩም ይጽፈዋል።

መጀመሪያ አፑ የሚገነባበት መመሪያ በሚጻፍበት ግሬድል ፋይል ላይ የሩምን ራንታይም (አፑ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ክፍል) እና ኮምፓይለር (ኮዱን የሚጽፍላችሁን ክፍል) ጨምሩ፤ ቨርዥናቸው አንድ ይሁን። ኮምፓይለሩ የሚገባው አኖቴሽኖቹን አንብቦ ኮድ በሚያስጽፈው መሣሪያ፣ በኬኤስፒ በኩል ነው። እሱ ከተረሳ ኮዱ ቢልድ ሊሆን፣ ማለትም ወደ አፕ ሊቀየር ይችላል፣ አፑ ዳታቤዙን ሊከፍት ሲል ግን ይወድቃል።

ቀጥሎ «በግ» የሚል ዳታ ክላስ ጻፉና ከላዩ ኢንቲቲ የሚለውን አኖቴሽን አድርጉ። ክላሱ ሠንጠረዥ ሆነ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ፊልድ ዓምድ ይሆናል። አንዱ ፊልድ ፕራይመሪ ኪ መባል አለበት። የጆሮ ቁጥሩን ቁልፍ ማድረግ ያጓጓል፣ እኔ ግን አልመክርም። የጆሮ ምልክት ይወድቃል፣ በሌላ ቁጥር ይተካል። ለቁልፍ ሌላ ፊልድ ጨምሩና ኦቶጄኔሬትን ትሩ በሉት፤ ቁጥሩን ዳታቤዙ ራሱ ይሰጣል።

አሁን ወደ ቀን እንምጣ፤ እዚህ ጋ ነው ብዙ ነገር የሚበላሸው። ሩም ሎካልዴት የሚባለውን የቀን ዓይነት እንዴት እንደሚያስቀምጥ አያውቅም፤ ቢልድ ሲደረግ እምቢ ይላል። «ታዲያ በእኛው አቆጣጠር በጽሑፍ ላስቀምጠው» ማለት ይመጣል። ተዉት። በጽሑፍ ሲደረደር 10 ከ2 በፊት ይመጣል፤ ጽሑፉን ወደ ቀን ስትመልሱት ደግሞ ሎካልዴት 13ኛ ወር ስለማያውቅ ጳጉሜን የተወለደች ግልገል ቦታ የላትም። የሚሻለው ቀኑን ወደ ቁጥር መቀየር ነው፦ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሉት ቀናት ብዛት። ሁለት አጫጭር ፈንክሽኖች ጻፉ፤ አንዱ ከቀን ወደ ቁጥር፣ ሌላው ከቁጥር ወደ ቀን። ሁለቱም ላይ ታይፕ ኮንቨርተር የሚለውን አኖቴሽን አድርጉ። ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የምትቀይሩት ስክሪኑ ላይ ስታሳዩ ብቻ ነው።

ከዚያ ዳኦ ይመጣል። ሠንጠረዡ ላይ የምትጽፉበትና ከሱ የምታነቡበት፣ ዳኦ የሚል አኖቴሽን ያለው ኢንተርፌስ ነው። ለመመዝገብ ኢንሰርት፣ ለማስተካከል አፕዴት፣ ለማጥፋት ዲሊት፤ እነዚህ ምንም ኤስኪውኤል (ዳታቤዝ የሚጠየቅበት ቋንቋ) አይጠይቁም። ከ25 ኪሎ በላይ የሆኑትን ሙክቶች ለመምረጥ ከፈለጋችሁ ግን ኩዌሪ በሚለው ውስጥ ጥያቄውን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። የሩም ትልቁ ውለታ እዚህ ላይ ነው፦ የዓምድ ስም ከተሳሳታችሁ አፑ ጨርሶ ቢልድ አይሆንም። ፈንክሽኖቹን ሰስፔንድ፣ ማለትም ስክሪኑን ሳያግዱ የሚጠብቁ አድርጓቸው፤ ሩም ስክሪኑን በሚያንቀሳቅሰው ዋና ትሬድ ላይ ዳታቤዝ መንካት ይከለክላል።

መጨረሻ ላይ ከሩም ዳታቤዝ የሚወርስ አብስትራክት ክላስ ጻፉ። ዳታቤዝ የሚለው አኖቴሽን ውስጥ የኢንቲቲዎቹን ዝርዝርና ቨርዥን 1ን አስገቡ፤ ኮንቨርተሩንም እዚሁ ክላስ ላይ አስመዝግቡ። ለመላው አፕ የዚህ ክላስ አንድ ኢንስታንስ (ከክላሱ የሚፈጠር አንድ ቅጂ) ይበቃል።

ማኅበሩ ነገ «የእናቲቱም ቁጥር ይግባ» ማለቱ አይቀርም። ዓምዱን ጨምራችሁ ቨርዥኑን ከተዋችሁት አፑ ይወድቃል። ቨርዥኑን 2 አድርጉና አዲሱን ዓምድ የሚጨምር ማይግሬሽን፣ ማለትም አሮጌውን ዳታቤዝ ወደ አዲሱ የሚያሻግር ትእዛዝ ጻፉ። ኢንተርኔት ላይ «ዲስትራክቲቭ ማይግሬሽን ተጠቀሙ» የሚል ምክር ታገኛላችሁ። ስህተቱ ይጠፋል፣ በጎቹም አብረው ይጠፋሉ፤ ሠንጠረዡን አፍርሶ ባዶ ነው የሚሠራው። ገና ስትሞክሩ ካልሆነ አትንኩት። አዲሱን አፕ ከማደላችሁ በፊት አሮጌውን ስልክ ላይ ጫኑ፣ ጥቂት በግ መዝግቡ፣ ሳታራግፉት አዲሱን ከላዩ ጫኑና ዝርዝሩን ክፈቱ።