በተማሪ ኪስ አውሮፓን መዞር

መጀመሪያ የመኖሪያ ፈቃድህን እይ። ከሸንገን አገሮች (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ያነሱ የአውሮፓ አገሮች) አንዱ የሰጠህ ከሆነ፣ እሱንና ፓስፖርትህን ይዘህ ሌሎቹን የሸንገን አገሮች በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ተጨማሪ ቪዛ መጎብኘት ትችላለህ። እንግሊዝና አየርላንድ ግን እዚህ ውስጥ የሉም፣ እንዳትሸወድ! ርካሽ የአውሮፕላን ትኬት ሲያጓጓህ የሻንጣውን ክፍያና ከአየር ማረፊያው ከተማ መግቢያውን ደምረህ አስላ፤ እኔ አንዴ ከትኬቱ በላይ ለአውቶቡስ ከፍዬ አርፌያለሁ። ቅርብ ለቅርብ ያሉ ከተሞችን አጣምር፤ ከቪየና ብራቲስላቫ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሙዚየም ላይ ሰዓት ምረጥ። የማድሪዱ ፕራዶ ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ሲቀረው መግቢያው ነፃ ነው፣ ሰልፉ ስለሚረዝም ቀደም ብለህ ቁም። ዕድሜህ ከ26 በታች ሆኖ የአውሮፓ ኅብረት አገር ነዋሪ ከሆንክ የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየምም በነፃ ነው፤ መታወቂያህን እንዳትረሳ።