ከኩላሊት እጥበት በኋላ የተነገረ ነገር እንዳይረሳ

የኩላሊት እጥበት የምታደርጉ ወይም የምታስታምሙ ሁሉ፣ ስለ መድኃኒትና ስለ ቀጠሮ የሚነገራችሁን ከማሽኑ በወረዳችሁበት ሰዓት በቃላችሁ ለመያዝ አትሞክሩ። አባቴን ባሕር ዳር ሳመላልስ ያገኘሁት ዘዴ ይህ ነው፦ ጥያቄያችንን ሁሉ እጥበቱ ከመጀመሩ በፊት እንጠይቃለን፤ መልሱንም እርሱ ራሱ በእጁ ይጽፈዋል። ትንሿ ደብተር ከመድኃኒት ከረጢቱ አትወጣም፤ እስክሪብቶውም እንዳይጠፋ በክር ታስሮባታል። ከዘጌ በጀልባ የምትመጡ የመመለሻውን ሰዓትም እዚያው ላይ ጻፉት። የባንክ ጉዳይ፣ የቤት ውል፣ ፊርማ የሚጠይቅ ነገር ሁሉ ለማግስቱ ይቆይ።

እጥበቱ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ያህል ነው። በመካከሉ ባሉት ቀናት የተጠራቀመው ውኃና ቆሻሻ በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሲወጣ የደም ግፊት ሊወርድ፣ ወደ አንጎል የሚደርሰውም ደም ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ አእምሮ በእጥበቱ ሰዓትና ወዲያው ከዚያ በኋላ ይዝላል፤ ከእጥበቱ ጥቂት ቀደም ብሎና በማግስቱ ግን ይነቃል። እባካችሁ፣ ሰውየው ነገር ሲደጋግም «ጃጀ» አትበሉት፤ ሰዓቱን እዩለት።

ነገር ግን ድንገት አንደበቱ ከተሳሰረ፣ ፊቱ ከተጣመመ ወይም በአንድ ወገን እጅና እግሩ ከከዳው ማግስትን አትጠብቁ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። እጥበት አምልጦት መዘባረቅ የጀመረም እንዲሁ ነው።