ባለ ሦስት አቅጣጫ የንዝረት መፈተሻ እንዴት ይሠራል?

ደብረ ብርሃን የምጠግነው የሶላር መብራት እኔ ጠረጴዛ ላይ ቦግ ብሎ ይበራል። በኮረኮንች መንገድ ወደ መንዝ ገጠር ሲገባ ይጠፋል። አንድ ጋሼ ለሦስተኛ ጊዜ ይዘውት መጥተው «ልጄ፣ አንተ ጋ ይበራል፣ እኛ ቤት ሲደርስ ይሞታል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መኪና ዕቃን የሚንጠው ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ አይደለም። ወደ ጎንም፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላም ይንጠዋል፤ ያውም በአንድ ጊዜ። መብራቱን እያንቀጠቀጠ የሚፈትነው መፈተሻም እንደዚያው በሦስቱም አቅጣጫ መናጥ አለበት።

የሚያስፈልጋችሁ ሦስት የባስ ስፒከር፣ ሦስት ቻናል ያለው አምፕሊፋየር፣ ወፍራም የአሉሚኒየም ላሜራና ስልክ ነው።

መጀመሪያ ከባድ የኮንክሪት መሠረት አፍስሱ፤ ሳይደርቅ ቡሎን ቅበሩበት። መሠረቱ ቀላል ከሆነ ጉልበቱን ራሱ ይበላዋል። አንዱን ስፒከር ከታች ወደ ላይ፣ ሁለቱን ከጎንና ከፊት ለፊት እሰሩ። ላሜራውን በአራት የከመነዳሪ ቁራጭ ከላይ አንጠልጥሉት። ክብደቱን ጎማው ይሸከም፤ የታችኛው ስፒከር እንዳይጫነው። መብራቱን ጨምሮ ከ1 ኪሎ ባይበልጥ ይሻላል።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። ስፒከሩን ከላሜራው ጋር በወፍራም ብረት ካያያዛችሁት ሦስቱ ስፒከሮች እርስ በርስ ይታገላሉ፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይይዘዋል። እኔም መጀመሪያ እንዲህ ሠርቼ የአንዱን ስፒከር ወረቀት ቀደድኩት። መፍትሔው የብስክሌት ጎማን የሚወጥሩት ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁረጡ። ሽቦው በቁመቱ ሲገፉት ደንዳና ነው፤ ወደ ጎን ግን ይታጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ስፒከር የራሱን አቅጣጫ ይገፋል፣ ለሌሎቹ ደግሞ ይለቃል።

የሽቦዎቹ መስመር በክብደቱ መሃል ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ ዕቃው ከመንቀጥቀጥ ይልቅ ይወዛወዛል። መሃሉን ለማግኘት መብራቱን ከነላሜራው በክር አንጠልጥሉና የቱምቢውን መስመር አስምሩ። ከሌላ ቦታ ደግማችሁ አንጠልጥሉ። መስመሮቹ የሚገናኙበት መሃሉ ነው።

ስልኩን ላሜራው ላይ አጥብቃችሁ እሰሩና የንዝረት መለኪያ መተግበሪያ ክፈቱ። አንዱን ስፒከር ብቻ አስነሡ። በሌሎቹ ሁለት አቅጣጫዎች ከአሥር አንድ እጅ በላይ ካነበበ መስመሩ ተጣሟል፤ አስተካክሉ። ስልኩ በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚለካ ከሆነ ከ50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ንዝረት) በላይ ያለውን ንባብ አትመኑ። አምፕሊፋየሮች ደግሞ ከ20 ኸርዝ በታች ይደክማሉ። ስለዚህ በ20 እና በ50 መካከል ሥሩ። በ20 ኸርዝ ላሜራው ከመሃሉ 1 ሚሊ ሜትር ወዲያና ወዲህ ቢል ፍጥንጥነቱ የመሬት ስበትን 1.6 እጥፍ ያህላል። ለመብራት ቀላል አይደለም።

ለሦስቱም ስፒከሮች አንድ ዓይነት ድምፅ እንዳትሰጡ አደራ! ያኔ ላሜራው በአንድ ሰያፍ መስመር ብቻ ይመላለሳል፤ ሦስት ስፒከር የገዛችሁት በከንቱ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ለብቻው የተዘጋጀ የሹሹታ ድምፅ (ጣቢያ ያልያዘ ሬዲዮ እንደሚያሰማው ያለ ሥርዓት የለሽ ድምፅ) ስጡ።

መብራቱን አብርታችሁ አንድ ሰዓት አንቀጥቅጡት፤ በየመሃሉ ስፒከሩ እንዳይግል ዳስሱት። ብልጭ ድርግም ካለ አጥፉና የባትሪው ሽቦ የተበየደበትን በማጉያ መነጽር እዩ። የጋሼ መብራት ላይ በቆርቆሮው ብየዳ ዙሪያ ፀጉር የመሰለ ጥቁር ክብ ነበር። ብየዳውን አድሼ ሽቦውን በሲሊኮን አጣበቅኩት፤ ድጋሚ ሲንቀጠቀጥ አልጠፋም።