ከ40 ዓመት በኋላ ሴቶች ላይ የሚመጣ ድካም፣ የወር አበባ ደም መብዛትና ወበቅ፦ ችግርና መፍትሄ

የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ አስቀድሞ እንደተደረገ ቆጥሬ በቀጥታ ወደ ምልክቶቹ እገባለሁ።

ድካም፣ ደረጃ ሲወጡ የሚያጥር ትንፋሽ፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ የፀጉር መርገፍ

በማህፀን ሕክምና በቆየሁባቸው ዓመታት ከሁሉ ደጋግሜ ያየሁት ይህንን ነው። ታካሚዋ ድካሟን ከማረጥ ጋር አያይዛ ትመጣለች፤ ስለ ወር አበባዋ ስትጠየቅ «ደህና ነው» ትላለች፤ መርማሪውም «ዕድሜ ነው» ብሎ ያሰናብታታል። ከድካሙ ጀርባ ግን የወር አበባ ደም መብዛት ያመጣው የብረት እጥረት ሊኖር ይችላል። ለሃያ ዓመት ብዙ ደም ሲፈሳት የኖረች ሴት መብዛቱን የምታነጻጽርበት ነገር የላትም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሞዴስ በየስንት ሰዓቱ እንደምትቀይር፣ ለመቀየር ሌሊት ትነሳ እንደሆነና የረጋ ደም ይወጣት እንደሆነ ነው። አንድ ሞዴስ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚርስ ከሆነ፣ የረጋው ደም ከ2.5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ከሆነ ወይም ደሙ ከ7 ቀን በላይ ከቆየ በዝቷል።

አንዲት የ47 ዓመት መምህርት በወር አበባቸው ቀናት ጥቁር ቀሚስ ብቻ እንደሚለብሱ፣ ከወንበር በተነሱ ቁጥርም ዞር ብለው መቀመጫውን ማየት ልማድ እንደሆነባቸው የነገሩኝ ሊወጡ የበሩን እጀታ ከያዙ በኋላ ነበር። ከዚያ በፊት ለሁለት ዓመት የልብ ትርታ መቀነሻ ኪኒን ሲወስዱ ቆይተዋል። ሄሞግሎቢናቸው (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) 12.1 ስለነበር «ደም ማነስ የለም» ተብለዋል፤ ሰውነት ያከማቸውን ብረት የሚያሳየውን ፌሪቲን የለካላቸው ግን አልነበረም፤ ስንለካው 6 ሆኖ ተገኘ። ሄሞግሎቢን ከ12 በታች የሚወርደው ሰውነት ያከማቸው ብረት ተሟጦ ካለቀ በኋላ ነው። ፌሪቲን ከ30 በታች ከሆነና ምልክቱ ካለ ማከም ተገቢ ነው፤ ኢንፌክሽን ሲኖር ግን ፌሪቲን ከፍ ብሎ ሊያሳስት ይችላል።

ደሙ በዚህ ዕድሜ የሚበዛው በአብዛኛው እንቁላል ሳይወጣ የሚያልፈው ወር ስለሚበዛ ነው። እንቁላል ካልወጣ ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን አይመረትም፤ ሌላው ሆርሞን ኢስትሮጅን ብቻውን የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን ሲያወፍር ይቆይና ሽፋኑ ጊዜውን ሳይጠብቅ በብዛት ይፈርሳል። ማዮማና ፖሊፕም (ብዙ ጊዜ ካንሰር ያልሆኑ የማህፀን ዕጢዎች) ምክንያት ሊሆኑ ስለሚችሉ አልትራሳውንድ አይታለፍም።

ደሙን ሳይቀንሱ ብረት ብቻ መስጠት በሚያፈስ እንስራ ውኃ እንደመቅዳት ነው። ደሙን ለመቀነስ ሆርሞን ያለው ሉፕ፣ በወር አበባ ቀናት ብቻ የሚወሰድ ትራኔክሳሚክ አሲድ (በደም ሥር ውስጥ የደም መርጋት ለነበረባት አይሰጥም) ወይም ፕሮጄስትሮን ይመረጣል። የብረት ኪኒን በቀን አንዴ ወይም አንድ ቀን እየዘለሉ ይወሰዳል፤ ሦስት ጊዜ መዋጥ ሆድ ከማድረቅ ያለፈ እምብዛም አይጠቅምም። ከሻይ፣ ከቡናና ከወተት በሁለት ሰዓት ይራቅ። ሰገራ መጥቆሩ አያስደነግጥም። ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላም ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል፤ አብዛኞቹ የሚያቋርጡት ግን በሁለተኛው ሳምንት፣ ትንሽ ሲሻላቸው ነው። «ኃይል ይሰጣል» ተብሎ የሚሸጠው ባለ ብዙ ቫይታሚን ጠርሙስ ውስጥ ያለው ብረት ይህንን ጉድለት አይሞላም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከ45 ዓመት በላይ ሆና ደሟ ከወትሮው የተለወጠ ሴት ከማህፀን ሽፋን ናሙና ተወስዶ ሳይመረመር ሆርሞን ብቻ ተሰጥቷት ወደ ቤቷ አትላክ። ከ12 ወር ሙሉ መቋረጥ በኋላ የታየ ደም አንዲት ጠብታም ብትሆን «የወር አበባዬ ተመለሰ» ተብሎ አይታለፍም፤ ካንሰር አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት።

ወበቅና የሌሊት ላብ

ኢስትሮጅን ሲዋዥቅ የአንጎል ሙቀት መቆጣጠሪያ ጥቂት ለውጥ እንኳ መታገሥ ያቅተውና ሰውነት የጋለ መስሎት ሙቀቱን በቆዳና በላብ ያስወጣል፤ ለጥቂት ደቂቃ የሚሰማው ድንገተኛ ግለት (ወበቅ) ይህ ነው። ዕድሜዋ ከ45 በላይ ለሆነች ሴት ይህንን ለማረጋገጥ የሆርሞን ምርመራ ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ውጤቱ ከቀን ቀን ይለያያልና። ክብደት እየቀነሰ እጅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ታይሮይድ፣ ሳልና ትኩሳት ካለ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ ይፈለግ።

ከ60 ዓመት በታች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት ሴት የሆርሞን ሕክምና ጥቅሙ አብዛኛውን ጊዜ ከጉዳቱ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 ፍርሃቱን የዘራው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ተሳታፊዎች አማካይ ዕድሜ 63 ነበር። ማህፀን ላላት ሴት በመላ ሰውነት የሚሠራ ኢስትሮጅን ያለ ፕሮጄስትሮን አይሰጥም። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ከባድ የጉበት በሽታ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ የደም መፍሰስ ካለ ሌላ መድኃኒት ይፈለጋል፤ ሆርሞን ያልሆነው ቬንላፋክሲን አንዱ ነው።

ተመላላሽ የሽንት ማቃጠል

የሽንት ካልቸሩ (ጀርም መኖሩን የሚያሳየው ምርመራ) ባዶ ሆኖ ሳለ አንቲባዮቲክ ለአምስተኛ ጊዜ ይታዘዛል። ብዙ ጊዜ መንስኤው በኢስትሮጅን ማነስ የሳሳውና የደረቀው የብልት ሽፋን ነው፤ በብልት ውስጥ የሚደረግ የኢስትሮጅን ክሬም በጥቂት ሳምንታት ያሻሽለዋል።

የቀሩት

ወደ ላይ አልነሳ ያለ ትከሻ ከደረቀ የመገጣጠሚያ ከረጢት ሊመጣ ይችላል፤ ፊዚዮቴራፒ ይረዳል። ከመንጋጋ ወይም ከደረት ሕመም ጋር የመጣ የትንፋሽ ማጠር ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ሊሆን ይችላልና ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይኬድ። ወር አበባዋ የቀረባት ሴት ደግሞ አስቀድማ የእርግዝና ምርመራ ታድርግ፤ የእርግዝና መከላከያ የሚቆመው ከ50 ዓመት በላይ ከሆነች ከመጨረሻው የወር አበባ 1 ዓመት በኋላ፣ ከ50 በታች ከሆነች ደግሞ 2 ዓመት በኋላ ነው።