ለማይለቅ ሕመም የሥነ ልቦና ሕክምናን በኢንተርኔት እንዴት መከታተል ይቻላል?

ወገቡ ለዓመታት ሲቆረጥመው የኖረ ሰው «የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ ሂድ» ሲባል «ሕመሜ የውሸት ነው ማለት ነው?» ብሎ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ሕመሙ እውነት ነው። ነገር ግን ከ3 ወር በላይ የቆየ ሕመም፣ ሌባው ከሄደ በኋላም እንደሚጮኽ ውሻ፣ ጉዳቱ ከዳነ በኋላ ሊቀጥል ይችላል። ፍርሃት፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ያባብሱታል፤ ሕክምናው የሚሠራው በእነዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም ሆስፒታሎች አሉ። ወጌሻ ቢያሽዎት፣ ጠበል ቢጠመቁም ምርመራው አይቅር። እግር ከዛለ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ የኢንተርኔት ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ሰው ይዘው ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ቀጥሎ ባለሙያ ይምረጡ። የሙያ ፈቃዱን፣ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አክሞ እንደሚያውቅና ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ (ሕመምን የሚያባብስ አስተሳሰብንና ልማድን ለመለወጥ የሚረዳ የንግግር ሕክምና) ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቁ። «ሕመሙን ነቅዬ እጥልልዎታለሁ» የሚል ካጋጠመዎት ይሰናበቱት። ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳወጣው፣ ይህ ሕክምና በርቀት ሲሰጥ የሚያስገኘው ጥቅም አነስተኛ ነው። አነስተኛም ቢሆን ለተቸገረ ሰው ቀላል አይደለም።

ለቀጠሮው የጆሮ ማዳመጫና በሩ የሚዘጋ ክፍል ያዘጋጁ። የጣና ዳር መናፈሻ ቢያምርም ለምስጢር አይመችም፤ የሚያልፈው ሁሉ ቆሞ ሰላም ይላል። ቪዲዮው ቢቆራረጥ በድምፅ ብቻ፣ ኔትወርኩ ቢጠፋ በመደበኛ ስልክ ለመቀጠል አስቀድመው ይስማሙ። መቀመጥ ከከበደዎት ቆመው ያውሩ።

ዋናው ሥራ ያለው በቀጠሮዎቹ መካከል ነው። አንዲት እናት ዛሬ ቀለል ሲላት የሳምንቱን እንጀራ በአንድ ጊዜ ጋግራ ትጨርስና በማግስቱ ከአልጋ መነሳት ያቅታታል። ከዚያም ምጣዱን መፍራት ትጀምራለች። ባለሙያው ሥራን መመጠን የሚያስተምረው ለዚህ ነው። ሕመሙ የሚብሰው ከ20 ደቂቃ በኋላ ከሆነ፣ በ15ኛው ላይ የስልኩ ደወል ይጩህ። ሊጥ ቢተርፍም፣ ወገቧ ደህና ቢሆንም ትቀመጥ፤ የሚያስቆማት ሰዓቱ እንጂ ሕመሙ አይሁን። እንዲህ ከለመደችው በኋላ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ትጨምራለች። በእኔ ግምት ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ የጀመሩትን ሳይጨርሱ መነሳት ስንፍና ይመስላል። ስለዚህ ቤተሰብዎን ቀድመው ያስረዱ፤ አለበለዚያ ደወሉ ሲጮኽ «ምን ሆነሽ ተውሽው?» ባይ አይጠፋም።

ለውጡን ሲመዝኑ «ዛሬ ምን ያህል አመመኝ?» ብቻ አይበሉ፤ ቀብር ደረሱ፣ ገበያ ወጡ፣ ሌሊቱን ተኙ? ይህን በደብተር እየጻፉ ለባለሙያው ያንብቡለት። ሳምንታት አልፈው ምንም ካልተለወጠ በግልጽ ይንገሩት፤ ዘዴውን መቀየር የእርሱ ሥራ ነው። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ቢሻልዎትም ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቋርጡ።