ዳገት ላይ ሞተሬን የሚያጠፋት የቤንዚን ክዳኑ ነበር

ከጎሐ ጽዮን ወርጄ ዓባይን ተሻግሬ ወደ ደጀን ስወጣ ያቺ 25 ዓመት ያለፋት ሞተር ሳይክሌ ዳገቱ መሀል ሳል ሳል ያደርጋትና ጭጭ፣ አስር ደቂቃ ካረፈች ደሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡራተሩን ፈትቼ አጠብኩ፣ ፊልትሮም ለወጥኩ፣ ያው ናት። በሚቀጥለው ጉዞ ልክ እንደጠፋች የቤንዚን ክዳኑን ስከፍተው ፍስስስ ብሎ አየር ሳበ፣ እዛው ገባኝ! ክዳኑ ላይ ያለችው የመርፌ ዓይን የምታክል የአየር መግቢያ ቀዳዳ በአቧራና በዝገት ጥርቅም ብላለች፣ አየር ካልገባ ደሞ ቤንዚኑ ወደ ካርቡራተሩ አይወርድም። መንገድ ዳር በቀጭን ሽቦ ጎረጎርኳት፣ ደጀን ስደርስ ጎሚስታ ቤት በኮምፕሬሰር አስነፋሁት፣ ከዛ ወዲህ አንዴም አልጠፋችም። የድሮ ካርቡራተር ሞተር ያላችሁ፣ በተለይ ኮረኮንች የምትነዱ፣ ምንም ከመፍታታችሁ በፊት ክዳኑን ከፍታችሁ ድምፁን ስሙት።